ዓይን ሲጓዝ፣ ጆሮ ሲቀመጥ
(ስለ ምናባዊ እውነታ የምት ጨዋታዎችና ስለሚያስከትሉት ማጥወልወል)

ከአንድ ዕጩ መምህር

ዘመናችን ካፈራቸው የመዝናኛ መሣሪያዎች አንዱ «ምናባዊ እውነታ» ወይም በእንግሊዝኛ ስሙ «ቨርቹዋል ሪያሊቲ» የሚባለው ነው። በዚህ መሣሪያ ከሚቀርቡት ጨዋታዎች መካከል በሙዚቃ ምት የሚካሄዱት ብዙ ወዳጅ አፍርተዋል። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ሰው መነጽሩን አጥልቆ ጥቂት ደቂቃ እንደቆየ ራሱን ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ፊቱ ይገረጣል። ከዚያም «ይህ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ መነጽሩን ያስቀምጣል። በዙሪያው ያሉት ደግሞ ይስቁበታል።

ለመሆኑ ይህ ማጥወልወል ከምን ይመጣል? የድክመት ምልክት ነውን? የሚያጥወለውለው ሰውስ ጨዋታውን እርግፍ አድርጎ መተው አለበትን? በዚህ ጽሑፍ ለእነዚህ ጥያቄዎች በተቻለ መጠን መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ። ጉዳዩ የጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ግን አስቀድሜ ላሳስብ እወዳለሁ። ነገ በክፍላችን ውስጥ የሚቀመጡትን ልጆችም የሚነካ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1ኛ/ መነጽሩ እንዴት ይሠራል?

ምናባዊ እውነታ ማለት ሰው ራሱ ላይ በሚያጠልቀው መነጽር አማካይነት በኮምፒዩተር በተሠራ ዓለም ውስጥ ያለ እንዲመስለው የሚያደርግ ዘዴ ነው። መነጽሩ ለሁለቱ ዓይኖች ትንሽ የተለያየ ሥዕል ለየብቻ ያቀርባል፤ አእምሮም ሁለቱን አጋጥሞ ርቀትና ጥልቀት ያለው አንድ ሥዕል ያደርጋቸዋል። በተጨማሪም መነጽሩ የራሳችንን እንቅስቃሴ እየተከታተለ ሥዕሉን አብሮ ይለውጠዋል። ስለዚህ ወደ ቀኝ ስንዞር የቀኙን ወገን፣ ስናንጋጥጥ ሰማዩን እናያለን።

የዚህ መሣሪያ ቀደምት አባት እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ የተሠራው የኢቫን ሰዘርላንድ መሣሪያ ነው። ያ መሣሪያ እንደዛሬው ቀላል አልነበረም፤ ከክብደቱ የተነሳ ከጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር የሚሠራው። ለተራው ገዢ በሰፊው መቅረብ የጀመረው ግን በ2016 ኦኩለስ ሪፍት፣ ኤችቲሲ ቫይቭና የሶኒ ፕሌይስቴሽን ቪአር የተባሉት መነጽሮች ገበያ ላይ በዋሉ ጊዜ ነው። በ2019 የወጣው ኦኩለስ ኩዌስት ደግሞ ያለ ኮምፒዩተርና ያለ ገመድ ብቻውን የሚሠራ ሆነ።

2ኛ/ የምት ጨዋታ ምንድን ነው?

የምት ጨዋታ ማለት ተጫዋቹ እንቅስቃሴውን ከሙዚቃው ምት ጋር እያገጣጠመ ነጥብ የሚያገኝበት ጨዋታ ነው። በቴሌቪዥንና በመጫወቻ አዳራሽ ከመነጽሩ በፊትም ነበረ። ለምሳሌ በ1998 ከጃፓን የወጣው «ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን» ተጫዋቹ በእግሩ ቀስት የተሣለባቸውን ቦታዎች በምቱ መሠረት እንዲረግጥ የሚያደርግ ነበር።

በመነጽሩ ከሚካሄዱት መካከል ስሙ የገነነው «ቢት ሴበር» ነው። የተሠራው በቼክ ሪፑብሊክ ዋና ከተማ በፕራግ ሲሆን፣ ለሕዝብ የቀረበው በግንቦት ወር 2018 ነው። አጨዋወቱ እንዲህ ነው፦ ተጫዋቹ በአንድ ቦታ ይቆማል፤ በሁለት እጆቹ የብርሃን ጎራዴ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን ይይዛል፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ ነው። ሙዚቃው ሲጀምር ቀይና ሰማያዊ ሣጥኖች ከሩቅ ወደ እሱ ይመጣሉ። በየሣጥኑ ላይ ቀስት አለ። ተጫዋቹም ቀዩን በቀይ፣ ሰማያዊውን በሰማያዊ ጎራዴ ቀስቱ በሚያመለክተው አቅጣጫ በምቱ ልክ ይቆርጠዋል። አንዳንዴም ግድግዳ ስለሚመጣበት ጎንበስ ወይም ዘንበል ብሎ ማሳለፍ አለበት።

ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ግን እኮ ሁለት ዘፈን ያህል የተጫወተ ሰው በላብ ይጠመቃል! ክንድ፣ ትከሻና ወገብ ሁሉ ይሠራል። ከበሮ የሚመታ ሰው እጁ ከጆሮው ጋር እንደሚግባባ ሁሉ፣ እዚህም ዓይን፣ ጆሮና እጅ በአንድ ምት ይገናኛሉ። ደስታው ያለው እዚያ ላይ ነው። ጨዋታው በወጣ ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ እስከ 2021 መጀመሪያ ድረስ ከ4 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጡ ተገልጿል።

3ኛ/ ታዲያ ማጥወልወሉ ከየት መጣ?

ይህን ለመረዳት መነጽሩን ለጊዜው ትተን ወደምናውቀው አውቶቡስ እንሂድ። በጎንደርና በሽሬ መካከል የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወይም በጎጃም መንገድ የዓባይን በረሃ ቁልቁለት በአውቶቡስ የወረደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አንዱ መስኮት ከፍቶ ነፋስ ይቀበላል፤ አንዷ ሎሚ ታሸታለች፤ ከኋላ ያለው ፌስታል ስጡኝ ይላል። ሾፌሩ ግን በዚያው መንገድ፣ በዚያው መኪና እየሄደ ምንም አይሆንም። ለምን?

ሰው እንቅስቃሴውን የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ አይደለም። በውስጠኛው ጆሮአችን ውስጥ የሚዛን መሣሪያ አለ። ይህ መሣሪያ ሁለት ክፍል አለው፦

ሀ/ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች። ራሳችን ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀርና በውስጣቸው ያሉትን ጸጉር መሰል ሕዋሳት ያጎብጣቸዋል፤ በዚህም መዞራችን ይታወቃል።

ለ/ በላያቸው ደቃቅ የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠሮች ያሉባቸው ሁለት ከረጢቶች። እነዚህ ወደፊት መፈናጠርን፣ መቆምን፣ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድን እንዲሁም የመሬትን ስበት ይነግሩናል።

አእምሮ ከዓይን የመጣውን፣ ከጆሮ የመጣውን፣ ከጡንቻና ከእግር የመጣውን መልእክት አስተያይቶ «አሁን እየሄድኩ ነው» ወይም «ቆሜአለሁ» ብሎ ይወስናል። መልእክቶቹ ከተስማሙ ሰላም ነው። ካልተስማሙ፣ ይኸውም አእምሮ ከጠበቀው ውጭ ከሆኑ፣ ማጥወልወል ይመጣል። በአውቶቡስ ውስጥ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ዓይኑ «ገጹ አልተንቀሳቀሰም» ሲል ጆሮው «በኩርባ ላይ ነን» ይላል። ሾፌሩ ግን መሪውን የሚያዞረው እሱ ስለሆነ ኩርባውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ዓይኑም መንገዱ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጠብ የለም።

በመነጽሩ ውስጥ የሚሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። ዓይን ይጓዛል፣ ጆሮ ግን እንደተቀመጠ ነው። አውቶቡስ ተራ ቆመን ሳለ አጠገባችን ያለው አውቶቡስ ወደ ኋላ ሲሄድ የእኛ ወደፊት የሄደ የሚመስለን ጊዜ አለ፣ አይደል? ዓይን ብቻውን ሰውን እንዲህ ማታለል ይችላል። መነጽሩ ደግሞ የዓይናችንን ዙሪያ ሁሉ ስለሚሸፍን ማታለሉ ይበረታል።

የጆሮን ድርሻ የሚያስረዳ አንድ የቆየ ጥናት አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊሊያም ጄምስ በ1882 ባወጣው ጽሑፍ መስማት የተሳናቸውን ብዙ ሰዎች እንዲሽከረከሩ በማድረግ ቢመረምር፣ ከእነሱ መካከል ከፊሎቹ ማዞር የሚባል ነገር እንደማይሰማቸው አገኘ። ከመስሚያው ጋር የሚዛኑ መሣሪያም የተጎዳበት ሰው ራሱን የሚያዞረው ነገር የለም ማለት ነው። እንግዲህ የሚያጥወለውለው ሰው የጎደለው ነገር የለም። እንዲያውም የሚያጥወለውለው መሣሪያው በሚገባ ስለሚሠራ ነው!

4ኛ/ ድክመት ነውን?

ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ አስደናቂ ነገር ልጥቀስ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪዎቹን ለማሠልጠን የሄሊኮፕተር በረራን በሥዕል የሚያስመስል መሣሪያ ሲሞክር ብዙ ሰዎችን አጥወለወላቸው። አስደናቂው ነገር ግን ይበልጥ የታመሙት ጀማሪዎቹ ሠልጣኞች ሳይሆኑ እውነተኛውን ሄሊኮፕተር ለብዙ ጊዜ ያበረሩት አሠልጣኞች መሆናቸው ነው። ምክንያቱም የእነሱ አካል በእውነተኛው በረራ ጊዜ ምን ሊሰማው እንደሚገባ አሳምሮ ያውቃል፤ ሥዕሉ ሲመጣ ያ ስሜት ሳይመጣ ሲቀር ልዩነቱ ይታወቀዋል። ጀማሪው ግን የሚያስተያየው ነገር የለውም። (ይህንን የምጽፈው አሠልጣኞቻችንን ለማሳቅ ሳይሆን ለማስረዳት ነው!)

ከማዞር አልፎ ማስመለስ የሚመጣበትን ምክንያት በተመለከተ በ1977 ሚሼል ትሪስማን የተባሉ ሊቅ አንድ መላ ምት አቅርበዋል። ይኸውም ዓይንና ጆሮ ሲጣሉ አእምሮ «መርዝ በልቼአለሁ» ብሎ ስለሚያስብ ሆድ ያለውን እንዲያወጣ ያዛል የሚል ነው። ሁሉም ሊቃውንት በዚህ አይስማሙም። በ1991 ጌሪ ሪቺዮና ቶማስ ስቶፍረገን ማጥወልወል የሚመጣው ሰውነት አቋሙን ማስተካከል ሲያቅተው ነው የሚል ሌላ ሐሳብ አቅርበዋል። ክርክሩ ገና አላለቀም። የትኛውም ትክክል ቢሆን ግን ነገሩ የፈሪነት ወይም የስንፍና ጉዳይ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

5ኛ/ የትኛው ጨዋታ ይሻላል?

እዚህ ላይ ዋናው ቁም ነገር ይመጣል። በመነጽር የሚካሄዱ ጨዋታዎች ሁሉ እኩል አያጥወለውሉም። ተጫዋቹ ቁጭ ብሎ በሥዕሉ ውስጥ የሚሮጥባቸው፣ የሚበርባቸው ወይም መኪና የሚነዳባቸው ጨዋታዎች ዓይንን ከጆሮ ያጣላሉ። ቢት ሴበርን የመሰሉት ግን ወለሉ የቆመ ነው፤ የሚመጡት ሣጥኖቹ ናቸው። ተጫዋቹ ጎንበስ ሲል በእውነትም ጎንበስ ብሏል፤ ዘንበል ሲልም በእውነት ዘንበል ብሏል። ዓይን ያየውን ጆሮ ይመሰክርለታል። በዚያ ላይ ምቱ ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ ስለሚነግረው ተሳፋሪ ሳይሆን ሾፌር ይሆናል።

ከመካከለኞቹ «ፒስቶል ዊፕ» የተባለው በ2019 የወጣ ጨዋታ ይጠቀሳል። በዚህኛው ተጫዋቹ ወደፊት ይጓዛል፤ ሆኖም ፍጥነቱ አንድ ዓይነት፣ አካሄዱም ቀጥታ ነው። ጆሮ ደግሞ የሚያውቀው የፍጥነትን መለዋወጥ እንጂ ያልተለወጠን ፍጥነት ስላልሆነ ጠቡ ይቀንሳል። ቢሆንም በቀላሉ የሚያጥወለውለው ሰው ከዚህ ባይጀምር ይመረጣል።

እኔ ራሴ መኪና ከሚያጥወለውላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። በዕረፍት ጊዜ አንድ ዘመዳችን ከውጭ ይዞት በመጣው መነጽር ሁለት ጨዋታ ሞክሬ ነበር። የመኪና እሽቅድምድሙን ሦስት ደቂቃ አልቆየሁበትም። በምቱ ጨዋታ ግን ሦስት ዘፈን ጨርሼ አራተኛውን ጠየቅሁ። መነጽሩም አንድ፣ ሰውየውም አንድ፤ የተለየው ጨዋታው ብቻ ነው።

ሙዚቃውም ቢሆን የራሱ ድርሻ አለው። ቤራንግ ከሻቫርዝና ሃይኮ ኸክት የተባሉ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጥናት፣ የሚያጥወለውል የብስክሌት ጉዞ ፊልም ለሰዎች ቢያሳዩአቸው ደስ የሚላቸውን ሙዚቃ እየሰሙ የተመለከቱት ማጥወልወሉ ቀንሶላቸዋል። ስለዚህ የምንወደውን ዘፈን መምረጥ ቅንጦት አይደለም።

6ኛ/ ምን ማድረግ ይገባል?

ሀ/ መነጽሩን ማስተካከል። ሥዕሉ ጥርት እስኪል ድረስ ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ በሁለቱ ሌንሶች መካከል ያለውን ርቀት ከዓይን ርቀት ጋር ማገጣጠም ያስፈልጋል። ልኩ ያልሆነ መነጽር ዓይንን ያደክማል፣ ራስንም ያሳምማል።

ለ/ የሚንቀጠቀጥን ሥዕል አለመታገሥ። ጥሩ መነጽር ሥዕሉን በሴኮንድ 90 ጊዜ ያህል ይቀይራል፤ ራስ ከዞረበት ቅጽበት አንሥቶ ሥዕሉ እስኪከተል ያለው ጊዜም ከ20 ሚሊሴኮንድ ባይበልጥ ይመረጣል። ሥዕሉ ከራስ ኋላ እየቀረ የሚጎተት ከሆነ ጥፋቱ የመሣሪያው ነውና ማቆም ነው።

ሐ/ በአጭር መጀመር። የመጀመሪያው ቀን ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ዘገም ያለ ዘፈን መምረጥ፣ የሚሽከረከሩትን የጀርባ መብራቶች ከማስተካከያው መቀነስ ጥሩ ነው። ከዚያም በማግስቱ ጥቂት መጨመር። መርከበኛ ባሕሩን እንደሚለምድ ሁሉ አብዛኛው ሰው ይህንንም ይለምደዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ።

መ/ በመጀመሪያው ምልክት ማቆም። ምልክቶቹ ማዛጋት፣ የምራቅ መብዛት፣ የፊት ሙቀት፣ ቀዝቃዛ ላብና የግንባር መክበድ ናቸው። ብዙዎቻችን ግን «ልቻለው፣ ወንድ ልጅ አይሸነፍም» እንላለን። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በሥነ ልቦና ትምህርታችን ስለ ፓቭሎቭ ውሻ ተምረናል፤ ውሻው ደወሉን ከምግቡ ጋር አያይዞ ደወሉን ብቻ ሲሰማ ምራቁ ይወርድ ነበር። መነጽሩን እስኪያስመልሰው ድረስ የሚታገል ሰውም አካሉ መነጽሩን ከማስመለስ ጋር ያያይዘዋል፤ ሌላ ቀን ገና ሲያየው ያቅለሸልሸዋል። ስለዚህ ቶሎ ያቆመ ሰው አልተሸነፈም፤ ለነገ አስቀምጧል።

ሠ/ ነፋስ። በተጫዋቹ ፊት ለፊት ማራገቢያ ማድረግ ይጠቅማል። በ2017 የወጣ ጥናት ነፋስ ማጥወልወልን እንደሚቀንስ አሳይቷል። በአውቶቡስ መስኮት መክፈት እንግዲህ ያለ ምክንያት አልነበረም! የነፋሱ አቅጣጫም መነጽሩን ላጠለቀው ሰው ወዴት ዞሮ እንደቆመ ይነግረዋል።

ረ/ ሆድና እንቅልፍ። በባዶ ሆድም፣ ከከባድ ምግብ በኋላም፣ እንቅልፍ አጥቶም፣ መጠጥ ጠጥቶም አለመጫወት።

ሰ/ መድኃኒት። ለጉዞ የሚወሰዱት ክኒኖች ብዙዎቹ እንቅልፍ ያመጣሉ። ለጨዋታ ሲባል ያለ ሐኪም ወይም ያለ ፋርማሲ ባለሙያ ምክር መዋጥ አይገባም።

ሸ/ ከጨዋታው በኋላ። መነጽሩን አውልቆ ሩቅ ያለና የማይንቀሳቀስ ነገር ማየት፣ ውሃ መጠጣት፣ ማረፍ። ማዞሩ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ብስክሌት መንዳት ወይም መኪና ማሽከርከር አደገኛ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ብልጭ ድርግም የሚለው ብርሃን ሊቀሰቅስበት ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪም ማማከር አለበት።

7ኛ/ ይህ ለመምህር ምን ይጠቅመዋል?

ማጥወልወል ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ እምብዛም አይታይም። የሚበረታው ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባሉት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ ዕድሜ ደግሞ እኛ የምናስተምራቸው ልጆች ዕድሜ ነው! ሜታ የተባለው ኩባንያ ለመነጽሩ የወሰነውን ዝቅተኛ ዕድሜ በ2023 ከ13 ወደ 10 ዓመት አውርዶታል፤ ይህም በወላጅ ፈቃድ ነው። እንግዲህ መነጽሩ ወደ ልጆቹ እየቀረበ ነው። በአንዳንድ አገሮችም የሰውን ልብ አሠራር ወይም የፕላኔቶችን ጉዞ ለማሳየት በክፍል ውስጥ ይጠቀሙበታል።

አንድ ቀን ከአርባ ተማሪዎች መካከል አንዷ ልጅ «ጋሼ፣ አዞረኝ» ብትል መምህሩ ምን ይላል? ነገሩን የማያውቅ መምህር «ሰበብ አታብዢ» ይላል፤ ክፍሉም ይስቃል። ልጅቷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱን እንደ ቅጣት ታየዋለች። ነገሩን የሚያውቅ መምህር ግን መነጽሩን እንድታወልቅ ያደርጋል፤ ከመስኮቱ አጠገብ ያስቀምጣታል፤ ያንኑ ትምህርት በሥዕል ወይም በሰሌዳ ላይ ያስተምራታል። ሌሎቹን ተማሪዎችም ስለ ጆሮ ቱቦዎች ለማስተማር ጥሩ አጋጣሚ ይሆንለታል።

መነጽሩ እስከዚያው ባይደርሰንም የትምህርት ጉብኝት አለ። ተማሪዎችን በአውቶቡስ ይዘን ስንወጣ የሚያጥወለውላቸውን ወደ ፊት ወንበር ማምጣት፣ መጽሐፍና ስልክ እንዲያስቀምጡ መንገር፣ ሩቁን መንገድ እንዲመለከቱ ማድረግ ምንም ወጪ አይጠይቅም። የሚያስመልሰውን ልጅ ግን ማፈር እንደሌለበት ሁሉም ፊት መንገር ያስፈልጋል።

በጽሑፉ ላይ አስተያየት ወይም ተጨማሪ ዕውቀት ያላችሁ አንባብያን፣ በተለይም መኪና የሚያጥወለውላችሁና መላ ያገኛችሁ፣ በአጭሩ ጽፋችሁ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ብታቀርቡ ለሁላችንም ይጠቅማል።